የየራስ ጥፋት

ቆሰበር፥ የካቲት 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዓለምነው፤ ደብረ ማርቆስ።

ልጄ፥ ሰላምታዬ ካለህበት ቤት ከጸሐይ ቀድሞ ይግባ። አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ የያዝከውን ሥራ ያጽናልህ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ይህን የሚጽፍልኝ ባለሱቁ ዓብዱልሀሚድ ግን ደህና ከሆኑ ለምን ያጽፉኛል አለኝ። እውነቱን ነው፤ ደህና አይደለሁም።

ልጄ አበረ ታስሯል። ባለፈው ሰኞ ዳንግላ ላይ አምስት ዓመት ተፈረደበት።

ኅዳር ላይ ከጎረቤታችን ከክንዴ ጋር በቀርከሃው ወሰን ተጣልተው ነበር። አበረ በዱላ መታውና የክንዴ ግራ እጁ ተሰበረ። በታኅሣሥ ሽማግሌ ተቀመጠ። የመራው አያ ስማቸው ነው፤ ላሜ ጠፋች ብለህ ብትሄድ መጀመሪያ የት አሰርካት የሚለውን ሰውዬ አትረሳውም። አበረ ድንጋይ ተሸክሞ ቀረበና ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ከዚያ ክንዴም ተራው ደርሶ የራሱን ተናገረ። ካሣ አንዲት ጊደር ተሰጠ፤ በግ ታረደ፤ ሁለቱ ቤት ተማማለ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወጡ እኛ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

ፖሊስ ግን መዝገቡን አልዘጋውም ኖሯል። ጥር ላይ መጥተው ወሰዱት። ዳኛው ፊት ሲቀርብ የተባለውን አድርገሃል ወይ ቢሉት፥ ሽማግሌ ፊት እንዳለው፥ አዎ፤ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ በልቤ እሰይ ልጄ ብያለሁ። እኛ የምናውቀው እንዲህ ነዋ። ሰው አስቀድሞ ጥፋቱን ይናገራል፤ ከዚያ እንዴት ሆነ ተብሎ ይጠየቃል፤ ነገሩ ይፈተሻል፤ ይቀላል። ዳኛው ግን ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አልጠየቁም። ጻፉ፤ ጻፉ፤ አምስት ዓመት አሉ። ወታደሩ ክንዱን ይዞ ሲያወጣው እንኳ እኔ ገና ጥያቄው ይጀመራል ብዬ እጠብቅ ነበር።

አንተ ጠበቃ ቤት የምትጽፍ ልጅ ነህ። ይግባኝ የሚሉት ነገር አለ ሲሉ ሰማሁ። ከዚህ በፊት ገንዘብም ልብስም ጠይቄህ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ይህንን ጠየቅሁህ። አምስት ዓመቱን አልቀበልም።

ስሞታዬን ሰምቶ እሺ የሚል ልብ ይስጥህ።

አክስትህ ካሳነሽ


ደብረ ማርቆስ፥ የካቲት 18 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ ካሳነሽ።

እንደምን ከረሙ? ያሳደጉኝ እጆችዎ አይዛሉ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ግን እህል አልወረደልኝም።

አክስቴ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና ተቆጥቻለሁ። ጠበቃ ቤት የሚሠራ የወንድም ልጅ እያለዎት ፍርድ ካለቀ በኋላ ይጻፋል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ጥር ላይ አንድ መስመር ቢልኩልኝ ኖሮ፥ አበረ ከመናገሩ በፊት ጆሮው ሥር የምለው ነበረኝ።

አሁን የሚሆነውን ልንገርዎት። የምሠራላቸውን ጠበቃ አቶ ምህረቴን ጠይቄ የሕጉን መጽሐፍ አብረን አየን። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ራሱ ያመነ ሰው ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ይግባኝ ማለት አይችልም። ያ በር ተዘግቷል። ቅጣቱ በዛብኝ ማለት ግን ይችላል። ይህኛው በር ክፍት ነው፤ ሆኖም የሚከፈተው ለዐሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው። ከፍርዱ ቀን ሲቆጠር የካቲት 24 ያልቃል። ከዚያ በኋላ እኔም ሆንኩ አቶ ምህረቴ ብንጮህ የሚሰማን የለም።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት ልኬያለሁ። አበረ ይግባኝ እላለሁ የሚልበት ነው። ዳንግላ ወህኒ ቤት ይዘው ይሂዱ፤ አበረ ጣቱን ያሳርፍበት፤ ለወህኒ ቤቱ አለቃ ይስጡ። አለቃው የተቀበሉበትን ቀን ሳይጽፉ እንዳይመለሱ። ቀኑ ካልተጻፈ አልተሰጠም ማለት ነው።

አቶ ምህረቴ ክፍያ አልጠየቁኝም፤ አንተ ከጻፍከው እኔ አርማለሁ ብለዋል። ስለዚህ ስለ ገንዘብ አይጨነቁ፤ ስለ ቀኑ ይጨነቁ።

ታዛዥ ልጅዎ ዓለምነው


ቆሰበር፥ የካቲት 26 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓለምነው።

ቁጣህን ተቀበልኩ። የሚቆጣልህ ሰው አይጥፋ ብዬ መረቅሁህ። እንደ ሰነበትክ ሰንብት፤ ጤና አይለይህ።

ወረቀትህ የደረሰኝ በ22 ነው። በማግስቱ ድንች ከጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ዳንግላ ሄድኩ። ሾፌሩ ከፊት አስቀመጠኝ፤ እማማ ከድንች ይልቅ እርስዎ ያስቸግራሉ አለኝ፤ መውጣትና መውረዱ ለእኔ ከባድ ስለ ሆነ ነው።

አበረ ጣቴን አላደርግም አለ። እንግዲህ ምን ትላለህ! ወረቀቱን ያነበበለት እስረኛ ይግባኝ የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ በሽማግሌም በዳኛም ፊት ተናግሬ፥ ዛሬ ቃሌን ብበላ ነገ ክንዴ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ አለኝ። አባቱ ውዱም እንዲሁ ነበር። ውዱ አንድ ጊዜ ዝናብ አይዘንብም ካለ እየዘነበበት ገሳ አይለብስም ነበር።

እኔ አንተ የጻፍከውን ነገርኩት። ጥፋትህን አትክድም፤ ዓለምነውም ካድ አላለህም፤ የምትለው ለዚህ ጥፋት አምስት ዓመት ይበዛል ነው፤ ሽማግሌስ ካሣው በዛ ሲባል ይቀንስ የለም ወይ አልኩት። መሸብን፤ ጠባቂው ውጡ አለ፤ ሳይመልስልኝ ወጣሁ። ዳንግላ ከአንዲት ዘመዳችን ቤት አደርኩ።

በማግስቱ፥ ያ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ስገባ አበረ ጣቱን ዘርግቶ ጠበቀኝ። እናቴን ሁለት ቀን ያንገላታሁበት ይበቃል አለ። ከዚያ የአለቃው ጸሐፊ ለቀብር ሄዷል ተባለ። እጠብቃለሁ አልኩ። ነገ ይምጡ አሉኝ፤ ነገ የለኝም አልኩ። መቆሙ ስላልሆነልኝ ከደጁ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ቀኑን ጻፈ፤ ማኅተም መታ። ዓብዱልሀሚድ አንብቦ 24 ነው ብሎኛል። አያይዤ ልኬልሃለሁ።

እንግዲህ የቀረው የአንተ ነው።

አክስትህ ካሳነሽ


ደብረ ማርቆስ፥ መጋቢት 21 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ።

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። የመኪና ላይ ጉዞዎን ለአቶ ምህረቴ ባነበብኩላቸው ጊዜ፥ እኚህን ሴት ጠበቃ ማን አደረጋቸው ብለው ሳቁ።

የፍርዱ ግልባጭ ባለፈው ሣምንት ደረሰኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ዳኛው እንደ ሕጉ ጠይቀዋል፤ አበረ እንደ ሰሙት መልሷል፤ እርሳቸውም እንደ ሕጉ ጽፈዋል። ከቅጣቱ በፊት የምትለው አለህ ወይ ቢሉት እንኳ ማሩኝ ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም። ምን ይፍረዱ? ወረቀቱ ላይ ያለው እንዲህ ነው። ተከሳሽ ያለ አንዳች ምክንያት የጎረቤቱን እጅ በዱላ ሰበረ፤ ራሱም አመነ። አልቋል። እኔም ዳኛ ብሆን አምስት ዓመት እል ነበር።

አክስቴ፥ አበረን አውቀዋለሁ። አብረን ከብት ጠብቀናል። በሬ ማሳ ሲገባበት እንኳ ዱላ የሚያነሳው ከለመነው በኋላ ነበር። ይህ ሰው ለአንድ ክምር ቀርከሃ ብሎ የጎረቤቱን እጅ አይሰብርም። ከዱላው በፊት አንድ ነገር ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ያውቁታል፤ ክንዴም የራሱን ተናገረ ብለው ጽፈውልኛል። ምን ብሎ ነው የተናገረው?

አንድ የምናውቃቸው ሰው በዳንግላ ሲያልፉ አበረን እንዲጠይቁልኝ አድርጌ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው አላቸው። ሌላስ ቢሉት፥ ሌላ የለም አለ።

የይግባኙን ዝርዝር ለማስገባት እስከ ሚያዝያ 18 ቀን አለኝ። ገንዘብ ይላኩ አላልኩም፤ ማር ይላኩ አላልኩም፤ ምክንያቱን ይላኩልኝ። ምክንያት ከሌለ ቢበዛ አንድ ዓመት ይቀነስለት ይሆናል፤ እርሱም ዳኞቹ ደህና አድረው ከመጡ ነው።

ልጅዎ ዓለምነው


ቆሰበር፥ ሚያዝያ 7 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓለምነው።

የጾም ሰላምታ ይድረስህ። ስለዘገየሁ ቅር አይበልህ። የበልጉ ዝናብ መንገዱን አበላሽቶት ነበር፤ ደግሞም የምለው አልነበረኝም። ድንቹ ደህና በቅሏል። ያንተ ላም የምንላት ቀይዋ ወልዳለች፤ ወይፈን ነው።

ምክንያቱን ይላኩልኝ ያልከውን ዓብዱልሀሚድ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ሁለቱንም ጊዜ ሰማሁ።

ልጄ፥ ከተማ ከገባህ ዐሥር ዓመትህ ነው፤ ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። ሽማግሌ ፊት እያንዳንዱ የራሱን ጥፋት ይናገራል። የሌላውን አያነሳም። እርቁ ካለቀ በኋላማ፥ የባላጋራውን ጥፋት ያነሳ፥ በደጅ ቢሆን በአደባባይ፥ በሹክሹክታ ቢሆን በጩኸት፥ ዘሩ አይባረክ ተብሎ ተምሏል። አበረ ምሏል። እኔም ምያለሁ። የክንዴ ሰዎችም ስለ አበረ እንደዚሁ ምለዋል፤ አክብረውታል። ዳንግላ ፖሊስ ጣቢያ ክንዴን ሲጠሩት እጄን የሰበረው አበረ ነው ከማለት በቀር አንድ ክፉ ቃል አልጨመረም። እርሱንም የተናገረው ማን ሰበረህ ብለው ስለ ያዙት ነው።

ስለዚህ የምትጽፈውን ልንገርህ። አበረ ከዚህ በፊት ተከሶ አያውቅም። ጥፋቱን ሳይደብቅ ተናግሯል። ካሣ ከፍሏል። ታርቋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አያ ስማቸውና የንስሐ አባታችን ጣታቸውን ያሳርፉበታል።

ስንቁን ለአበረ የምታመላልስለት አሁን እህቱ ወርቅአየሁ ናት፤ ከአገባችበት ከጥሊሊ እየመጣች። እኔ ምርኩዝ ይዤ ቆሰበር ገበያ እስክደርስ እንኳ ሁለት ጊዜ አርፋለሁ። እርጅና ነው።

አክስትህ ካሳነሽ


ደብረ ማርቆስ፥ ሚያዝያ 11 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ።

ጤናዎን እግዚአብሔር ይመልስልዎ። ይህን ያልኩት እንደ ሰላምታ አይደለም፤ ከልቤ ነው።

ደብዳቤዎችዎን ሁሉ ዘርግቼ እንደገና አነበብኩ። እኔ የማውቃት አክስቴ ካሳነሽ ዘንድሮ ለመስቀል ስመጣ ግምጃ ቤት ገበያ በእግሯ ደርሳ በዚያው ቀን የተመለሰች፥ በቅሎ ተቀምጠህ በእግሬ ቀደምኩህ ብላ የሳቀችብኝ ሴት ናት። አሁን መኪና ላይ መውጣት አይሆንልኝም፥ መቆም አይሆንልኝም፥ ምርኩዝ ይዣለሁ ትለኛለች። እርጅና በጥቂት ወር እንዲህ አይገባም። ጠቡ ኅዳር ነው። ጠቡ የተነሳው ቀርከሃው ውስጥ ነው። እርስዎ ደግሞ ቀርከሃው ውስጥ ጠብ ሰምተው ቤት የሚቀመጡ ሰው አይደሉም።

እኔ አልጠይቅዎትም። መሐላ አላስበላዎትም። የገመትኩት ስህተት ከሆነ ተሳስተሃል ብለው ይጻፉልኝ። ስህተት ካልሆነ ስለ እርሱ ምንም አይጻፉ።

እኔ ግን አልማልኩም። ሚያዝያ 17 ዝርዝሩን ሳስገባ አንድ መስመር መጨመር እችላለሁ። አበረ ዱላውን ያነሳው እናቱ በዓይኑ ፊት ስትወድቅ አይቶ ነው ብዬ። እኚህን ሴት የገፋ እጅ ካሣ ወስዶ በቤቱ ተቀምጧል፤ የወንድሜ ያህል የሆነው አበረ አምስት ዓመት!

ፈጥነው ይመልሱልኝ።

ዓለምነው


ቆሰበር፥ ሚያዝያ 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምነው።

ሰላም ለአንተ ይሁን። ይህ በሚሄደው መኪና እንዲደርስ አጭር ነው።

ያንን መስመር አትጻፍ። እኔ አልማልኩም አልክ፤ መሐላው እስከ ሰባት ቤት ነው፤ አንተ የወንድሜ ልጅ ሁለተኛው ቤት ነህ። ብትጽፈው ልጄ ተፈታ ብዬ አልደሰትም፤ ዓለምነው እርቃችንን አፈረሰ ብዬ አለቅሳለሁ። ክንዴንም አትስደብ፤ የታረቅነው ሰው ነው።

ያለዚያ መስመር ጽፈህ አስገባ። ሌላውን ለእኔ ተው። መንገድ አላጣም።

ካሳነሽ

(እኔ ጸሐፊው ዓብዱልሀሚድ የተነገረኝን ብቻ ጽፌአለሁ። በአገውኛቸው፥ በአውኚ፥ የተናገሩትን ወደ አማርኛ ስመልስ ቁጣውን ትንሽ ቀንሼዋለሁ።)


ደብረ ማርቆስ፥ ሚያዝያ 20 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ።

እንደ ትእዛዝዎ ሆኗል። ያለዚያ መስመር አስገባሁ። አቶ ምህረቴ አንብበው፥ ጥሩ ጽሕፈት ነው፤ ነገር ግን ወጥ የሌለው ድግስ ነው አሉኝ።

ተሳስተሃል ብለው አልጻፉልኝም። ይህንንም አየሁ።

ቀጠሮው ሰኔ 8 ቀን ነው። አበረን ወደዚህ ያመጡታል። ከዚያ በፊት መንገድ አላጣም ያሉትን ካገኙት ቶሎ ያሳውቁኝ፤ አዲስ የሚሰማ ሰው ካለ አስቀድመን ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ አለብን።

መልካም ፋሲካ ያድርግልዎ።

ዓለምነው


ቆሰበር፥ ግንቦት 3 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓለምነው።

እንኳን ከጨለማው ወደ ብርሃኑ አሸጋገረህ። ወደ ከርሞም በጤና ያድርስህ።

አሁን የምነግርህን ጠበቃህም ይስማው። አስቤ አስቤ ያገኘሁት ይህ ነው። እኔ የክንዴን ጥፋት ማንሳት አልችልም። አበረም አይችልም። አንተም አትችልም። ክንዴ ግን ይችላል። የራስን ጥፋት መናገር መቼም በማንም አልተከለከለም፤ የሽማግሌው ወግ የቆመውም በዚህ ነው። አያ ስማቸው ጋ ሄጄ ጠየቅሁት። ጺሙን ሲያሻሽ ቆየና፥ እርሱስ የማንም መሐላ የማይከለክለው ነው፤ ነገር ግን ሂድና ተናገር ብትዪው ጥፋቱን ማንሳትሽ ነው አለኝ። ይህም እውነት ነው።

ስለዚህ ምንም አላልኩትም።

ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ምርኩዜን ይዤ ክንዴ ደጅ ሄድኩ። ቤቱ ከቀርከሃችን ማዶ ነው፤ ዱሮ ከቤቴ ሆኜ ተጣርቼ የማናግረው፤ አሁን ግን እስክደርስ ረፋድ ሆነብኝ። ከአጥሩ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ሚስቱ ሸጋ ወጥታ ደነገጠች። ግቢ አለችኝ፤ እዚህ ይሻለኛል አልኳት። በርጩማ አወጣችልኝ፤ ጠላ አመጣችልኝ። ጠላው ጥሩ ነበር፤ እርሱን አልዋሽም። ስለ ዶሮዋና ስለ ድንቿ ተጫወትን። ክንዴ በጓሮ በኩል አጥር ዘሎ ወጥቶ እስኪመሽ አልተመለሰም። እኔም መሸ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ እንደገና ሄድኩ። ዘነበ። አልተነሳሁም። ክንዴ ከቤት ወጣና ገሳውን አምጥቶ በላዬ ላይ አደረገልኝ፤ በአንድ እጁ ነው ያደረገው፤ ግራው ወጌሻ ቢያሸውም ጠማማ ሆኖ ቀርቷል። ምንም ሳይናገር ገባ። ያንን እጅ ሳይ አዘንኩለት። ልጄ የሰበረው እጅ ነው፤ ያ ደግሞ የእኛ ጥፋት ነው።

ሐሙስ ስሄድ እርሱ ቀድሞኝ ከበሩ ተቀምጦ ነበር። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ሸጋ ጠላ አላመጣችም፤ ውስጥ ሆና ታለቅስ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ክንዴ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«እትዬ ካሳነሽ፥ ቀጠሮው መቼ ነው?»

ሰኔ ስምንት ነው አልኩት። ደብረ ማርቆስን አላውቀውም አለ። ዓለምነው ከመኪናው ማቆሚያ ይቀበልሃል አልኩት። እሺ አለ። እኔም ተነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም፤ ቢፈልጉ አያ ስማቸው ፊት እምላለሁ።

እንግዲህ ፍርድ ቤቱን አስፈቅዱ።

አክስትህ ካሳነሽ


ደብረ ማርቆስ፥ ሰኔ 10 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ ካሳነሽ።

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። ከትናንት በስቲያ የሆነውን አንድ በአንድ እጽፍልዎታለሁ፤ ዓብዱልሀሚድ ሲያነብልዎ አያቻኩሉት።

ክንዴን ቅዳሜ ተቀብዬ ቤቴ አሳደርኩት። ደብዳቤ ላይ የተሳደብኩትን ሰው በገዛ አልጋዬ አስተኝቼ እኔ መሬት ተኛሁ። አቶ ምህረቴ እሑድ ጠርተው አነጋገሩት። ዳኞቹ ፊት የምትናገረው ነገር ዞሮ አንተኑ ሊያሳስርህ ይችላል፤ ዐቃቤ ሕጉ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል፤ የማንም ግዴታ የለብህም፤ ዛሬውኑ መመለስ ትችላለህ ብለው ሳይደብቁ ነገሩት። ክንዴ ሰምቶ ሲያበቃ፥ ለሽማግሌ የተናገርኩትን ለዳኛ ብደብቀው ታዲያ እርቁን የፈጸምኩት በውሸት ነው አላቸው።

ሰኞ ሦስት ዳኞች ተቀመጡ። አበረ በሰንሰለት ቀረበ፤ ከስቷል፤ ግን ጤነኛ ነው። አቶ ምህረቴ እርቁንና ካሣውን አስረዱ። ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ ያለ ምክንያት የሰው አካል ያጎደለ ሰው አምስት ዓመት አይበዛበትም አለ። ከዚያ ክንዴ ተጠራ። አበረ ሲያየው ዓይኑን ማመን አልቻለም።

የመሐል ዳኛው እጅህን የሰበረው ይህ ሰው አይደለም ወይ አሉት። ነው አለ። ታዲያ ምን ልትል መጣህ አሉት። ቃል በቃል የጻፍኩት ይኸውልዎ።

«የእኔን ጥፋት ልናገር ነው። ቀርከሃው ውስጥ ስንጨቃጨቅ እናቱ መሐላችን ገቡ። ተዉ፥ ተዉ አሉ። እኔ ገፍቼ ጣልኳቸው። ከጉቶ ላይ ወደቁ። ሲነሱ አቃታቸው። አበረ የመታኝ ያን ጊዜ ነው።»

አበረ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዳኛው ይህንን እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርክም ብለው ቆጣ አሉ።

«የጠየቁኝ እጄን ማን እንደ ሰበረው ነው። እኔ ምን እንዳደረግሁ የጠየቀኝ የለም።»

ዳኛው ቀጥለው፥ ይህ ሰውስ አምስት ዓመት ሲፈረድበት ስለ ምን ዝም አለ አሉ።

«የእኔ ጥፋት ነዋ። እርሱ ምን ብሎ ይናገረዋል?»

ዳኞቹ ገብተው ብዙ ቆይተው ወጡ። ጥፋተኛነቱ እንዳለ ይጸናል አሉ፤ እርሱን እኛም አልጠየቅንም። ቅጣቱ ግን እናቱ ስትወድቅ ባየ ጊዜ በድንገት በተነሳ ቁጣ የሆነ ስለ ሆነ፥ የታረቀና የካሰም ስለ ሆነ፥ ከአምስት ዓመት ወደ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ዝቅ ብሏል። ከታሰረበት ከጥር ጀምሮ ይቆጠራል። የሚመጣው ዓመት ሐምሌ ላይ ልጅዎ ቤቱ ይገባል።

አክስቴ፥ አለቀስኩ። አቶ ምህረቴ ጠበቃ ቤት የሚሠራ ሰው አደባባይ ላይ አያለቅስም ብለው መሐረባቸውን ሰጡኝ።

ነገር ግን ደስታው ሙሉ አይደለም። ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ የክንዴ ቃል በመዝገብ እንዲሰፍርለት ጠየቀ፤ ሰፈረለት። ከዳንግላ መጥሪያ ይደርሰዋል። ክንዴ ስንወጣ ነገሩ ገብቶት፥ ድንቹን ሳላወጣ ያስሩኝ ይሆን አለኝ። ይህን ሰው ምን እናድርገው?

ታዛዥ ልጅዎ ዓለምነው


ቆሰበር፥ ሰኔ 25 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓለምነው።

የእናትህን አጥንት ያሳረፍክ፥ እኔንም ያሳረፍክ ልጅ፥ ዘርህ እንደ ቀርከሃ ይብዛ። አቶ ምህረቴንም በስማቸው መርቄያለሁ፤ ሳላያቸው እንዳልሞት ንገራቸው።

ደብዳቤህን ዓብዱልሀሚድ ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። ሦስተኛው ላይ እርሱም ሱቁን ዘግቶ ነው ያነበበው። ክንዴ የተናገረውን ስሰማ ከኅዳር ጀምሮ ውስጤ የነበረ አንድ ነገር ወረደልኝ። እኔን በገፋበት እጅ ገሳ ያለበሰኝ ሰው ነው። አሁን በእርሱ ላይ ቂም የለኝም፤ ቀድሞ የለኝም ስል ትንሽ ነበረኝ።

ምን እናድርገው አልክ? የምናደርገውን አድርገናል። መጥሪያው ባለፈው ማክሰኞ መጣ። ክንዴ ዳንግላ ቀረበ። ዋስ ካለህ ቀጠሮህ ድረስ ቤትህ ትገባለህ፤ ከሌለህ ትታሰራለህ አሉት። ወርቅአየሁን ይዤ አብሬው ሄጄ ነበርና ዋሱ እኔ ነኝ አልኩ። ጸሐፊው መዝገቡን አየ፤ እኔን አየ፤ ምርኩዜን አየ። እማማ፥ የተገፉት እርስዎ አይደሉም ወይ አለኝ። ነኝ አልኩት። ተበዳይ ለበዳይ ዋስ ሲሆን አይቼ አላውቅም አለ። እንግዲህ አሁን አየህ አልኩት። አለቃውን ጠየቀ፤ ጣቴን አስደረገኝ። ክንዴ ድንቹን ያወጣል።

ከዚያ ወህኒ ቤት ገብተን አበረን አየነው። ክንዴ በአጥሩ ቀዳዳ ደህናውን እጁን ሰደደለት። ብዙ አላወሩም። አበረ ስወጣ ጊደሯን መልስልኝ ብሎ ቀለደበት፤ ክንዴም ወልዳለች፥ ጥጃዋን ትወስዳለህ አለው። እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ቀጠሮው ጥቅምት 4 ነው። አንተ ከዚያ በፊት ፈቃድ ጠይቀህ ና፤ በቅሎ እልክልሃለሁ፤ በእግርህ እንዳትደክም። ክንዴን ጥፋቱ የእኔ ነው ከማለት የሚመልሰው የለም፤ አንተም አትመልሰው። አንተ አጠገቡ ቆመህ ዳኛው ከዚያስ ብለው እንዲጠይቁ አድርግ። ከዚያስ ካሉ እኔንም መጥራታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ስለ ክንዴ አንድ ቃል አልናገርም። ተራዬ ሲደርስ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። ሁለት ወንዶች ዱላ ይዘው ሲጣሉ መሐላቸው የገባሁት እኔ ነኝ። ማንም አልጠራኝም። ነገም ቢጣሉ እገባለሁ።

አክስትህ ካሳነሽ